መድኃኒት የሌለው መድኃኒት

ቤቴ ነጭ ሽንኩርት አይገባም። እንግዳ ሆናችሁ ብትመጡ ወጤን ቀምሳችሁ «አስቱ፣ ምን ጎደለው?» ትሉኛላችሁ፤ ሁሉም ይለኛል። ስቄ አልፈዋለሁ። ገበያ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት የዘረጉ ሴቶች ጋ ስደርስ ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ ጣል አድርጌ ነው የማልፈው፤ «ይቺ ልብስ ሰፊ ደግሞ ኮራች» ይላሉ አሉ። ይበሉ። ምክንያቱን ለሁሉም እየዞርኩ ማስረዳት ሰልችቶኛል፤ ዛሬ አንድ ጊዜ ለእናንተ ልናገርና ይውጣልኝ።

ያኔ ጅማ አጠገብ ሰርቦ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። የተወለድኩት ወልቂጤ ነው። ወደዚህ አገር ያመጣኝ የልጄ የምሕረት አባት ነው። የቡና መኪና ረዳት ነበር፤ አንድ ቀን ከጫነው ቡና ጋር አብሮ ተጭኖ ሄደና ቀረ። እኔም ወዴት ገባህ ብዬ አልፈለግሁትም። የስፌት መኪናዬን መንገድ ዳር ካለች ክፍሌ በራፍ ላይ ተክዬ፣ ለዒዱም ለገናውም እየሰፋሁ፣ ከመጣው ሁሉ ጋር እየተሟገትኩ እኖር ነበር። አፌ አያርፍም፣ ይህን ቀድሜ ልንገራችሁ።

ክፍሏን የተከራየሁት ከዘይነባ ነው። ዘይነባና እኔ እኩያ ነን። የእሷ አማርኛ ትንሽ ነው፣ የእኔ ኦሮምኛ ደግሞ የገበያ ነው፤ ሁለቱን ቀላቅለን ስናወራ ሌላ ሰው አይገባውም፣ እኛ ግን አንዲት ቃል አታመልጠንም ነበር። ቢያንስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ባሏ አባ መጫ ደዶ ወረዳ ያለችውን መሬቱን ሲያርስ እዚያው ይከርማል። ቤት ውስጥ ዘይነባ፣ አማቷ፣ እና ሰባት ዓመቷ የነበረችው ልጇ ሙኒራ ናቸው። አማቷን ሁላችንም «አኮ» ነው የምንላቸው፣ አያቴ እንደ ማለት ነው። ጆሯቸው ከበድ ያለ ነው።

ሙኒራና የእኔዋ ምሕረት አንድ ነፍስ ነበሩ። ምሕረት አምስት ዓመቷ ነበር። ሙኒራ ከተቀመጠች ትቀመጣለች፣ ሙኒራ ከሳቀች ምን እንደሆነ ሳታውቅ ትስቃለች። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሁለት አሻንጉሊት ሰፍቼላቸው ነበር፣ አንድ ለሙኒራ አንድ ለምሕረት። አንዷ ያገኘችውን ሌላዋም ካላገኘች ግቢው በለቅሶ ይናወጣል። ሙኒራ ደግሞ ደግ ነበረች፤ ለራሷ አንድ ስታነሳ ለምሕረት ሁለተኛውን ታነሳለች።

በዚያ ክረምት ነቀዙ ጉድ ነበር። በቆሎ የሞላ ማዳበሪያ አጠገብ ጆሮ ቢደግኑ ሲቆረጥም ይሰማል። ዘይነባ በገበያ ቀን ሄዳ ክኒን ገዝታ መጣች። ሻጩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መሬት ላይ ላስቲክ ዘርግቶ የአይጥ ወጥመድ፣ ምላጭ፣ ባትሪ ድንጋይ ይሸጣል፣ ክኒኑንም ከዕቃው እያወጣ በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልሎ ይሰጣል። ዕቃው ላይ ምን እንደተጻፈ ያኔ አላውቅም ነበር። ገበያ የሚደርሰው ክኒኑ እንጂ ጽሑፉ አይደለም። «ቆሪቻ ቦቆሎ!» እያለ ይጮኻል፤ የበቆሎ መድኃኒት ማለቱ ነው። በአማርኛም ያው ነን እኮ። ለራስ ምታቱም መድኃኒት፣ ለአይጡም መድኃኒት፣ ለነቀዙም መድኃኒት። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

አገሩ ክኒኑን በጨርቅ ቋጥሮ ነው እህል ውስጥ የሚከተው፣ ሲፈርስ ዱቄቱ ከእህሉ እንዳይቀላቀል። ዘይነባ ንጹህ ሴት ናት፣ በብጣሽ መቋጠሩ አላማራትም። «አስቱ፣ ሜ፣ እባክሽ፣ ትንንሽ ከረጢት ስፊልኝ» አለችኝ። ከሙኒራ የዒድ ቀሚስ የተረፈ አረንጓዴ አበባማ ጨርቅ ነበረኝ፤ በእሱ ሰፋሁላት። ከራሴ ጨምሬ ጠርዙን ዘመዘምኩት። ሥራ መች ሳላሳምር እለቃለሁ!

ማዳበሪያዎቹ ዝናብም ሌባም እንዳያገኛቸው እነዘይነባ የሚተኙበት ክፍል ውስጥ ነበር የተደረደሩት። ነቀዙ ስለበዛ ዘይነባ መድኃኒቱንም አበዛችው። «በሽታ ሲጠና ክኒን ይጨመር የለ?» አለችኝ። «እንዴታ!» አልኳት። የተረፉትን ከረጢቶች ክኒን እንደያዙ መደርደሪያ ላይ አኖረቻቸው። ልጆቹ ማዳበሪያው ላይ እየወጡ ይዘሉ ነበር፣ ይሞቃቸዋል።

በማግስቱ ጠዋት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ዘይነባ በሬን መታችው። ሙኒራ ሌሊቱን ሆዴን ስትል አድራለች። ገብቼ ሳያት ከንፈሯ ገርጥቷል፣ እጇ እንደ ወንዝ ድንጋይ በርዷል፣ አንዴ ትነሳለች አንዴ ትወድቃለች፣ አላርፍ ብላለች። አስታወከች። ጎንበስ ብዬ አፏን ስጠርግላት ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ።

ዘይነባ ለሆድ ቁርጠቱ ነጭ ሽንኩርት ሰጥታታለች ብዬ አሰብኩ። ጥሩ አደረገች አልኩ በልቤ። ማን አይሰጥም? ምች ቢሆን፣ ዓይነ ጥላ ቢሆን፣ ቁርጠት ቢሆን መጀመሪያ የምንሮጠው ወደ እሱ ነው። ዘይነባም ለካ እኔ የሰጠኋት መስሏታል። ሁለታችንም ሸተተን፣ ሁለታችንም ዝም አልን።

«ጅማ እንውሰዳት» አልኳት። «ሐኪሙ ጋ ብቻዬን ምን ብዬ እናገራለሁ? አብረሽኝ ነይ» አለች። አፏ እኔ መሆኔ ነው። ምሕረትን ምን ላድርጋት? ጫማዬን ሳስር እግሬ ላይ ተጠመጠመች።

«እማዬ፣ እኔንም ራሴን ያመኛል።»

«አንቺ ደግሞ! ሙኒራ ሲያማት ያምሻል፣ ሙኒራ ስትድን ትድኛለሽ» ብዬ ሳቅኩባት። እንዳትቀር የምትፈጥረው መስሎኝ ነበር። የምትፈጥርም ልጅ ናት። አቅፌ ወስጄ አኮ አልጋ ላይ፣ ማዳበሪያው ጥግ አስተኛኋትና አሻንጉሊቷን አስታቀፍኳት። አኮን ጆሯቸው ላይ ተጠግቼ «አኮ፣ ብርድ እንዳይመታት በሩን ይዝጉልኝ!» ብዬ ጮህኩ። አዛውንቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስንወጣ የመቀርቀሪያው ድምፅ ከኋላዬ ቀጭ ሲል ተሰማኝ። እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

በባጃጅ አስፋልቱ ድረስ፣ ከዚያ አጋሮ ከሚሄዱ መንገደኞች ጋር ተጨናንቀን በሚኒባስ ሄድን። መስኮቱ ሁሉ በዝናቡ ተዘግቷል። ሙኒራ ዘይነባ ጭን ላይ ሆና ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች፣ እጇን ከቀሚሷ ኪስ አታወጣም። አንድ ሽማግሌ ዘወር ብለው አሽተቱና «ነጭ ሽንኩርት ሰጣችኋት? ጎሽ፣ ደግ አደረጋችሁ» አሉን። ሌላዋ ሴት «ወተት ጨምሩላት፣ ያጥበዋል» አለች። መኪናው ሙሉ ሐኪም ሆነ። ሾፌሩ ብቻ ዝም ብሎ ነዳ፣ እግዜር ይስጠው።

ሙኒራ አንድ ጊዜ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። «አስቱ፣ ምሕረትም ተኝታለች?» አለችኝ። «ተኝታለች የኔ ቆንጆ» አልኳት። «ለሕፃኗ ትራስ ሰጥቻታለሁ» አለች። የምን ትራስ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ትኩሳት የሚያስቀባጥራት መስሎኝ ግንባሯን ብነካው ቀዝቃዛ ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ የተቀበለን ወጣት ሐኪም ነበር። በኋላ እንዳወቅኩት ከጎጃም ገበሬ ቤት የወጣ ልጅ ነው፤ ኦሮምኛ ገና አልለመደም። ደግነቱ ፊቱ ላይ ይታያል። ደም ግፊቷን ለካና ዳግም ለካ፣ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

«ምን በላች?»

«ቂጣ በሻይ። ትላንት።»

«መድኃኒት ወስዳ ነበር?»

ዘይነባን ጠየቅኋት። «ቆሪቻ ፉዸቴ?» ዘይነባ ራሷን ወዘወዘች። ሙኒራ ምንም አልዋጠችም።

«አልወሰደችም ዶክተር።»

«ቤት ውስጥ መርዝ ነገር አለ? በደንብ ጠይቂልኝ እህቴ።»

በደንብ ጠየቅኋት። ሱሚ ብዬ፣ መርዝ ብዬ፣ ደግሜ። ዘይነባ ደነገጠች፣ ተቆጣችም። «ሱሚ? መነ ኮ ኬሰ? ሂን ጂሩ ወላሂ!» አለች። መርዝ ከቤቴ ምን ይሠራል ማለቷ ነው። እኔም እግዜርን ምስክር አድርጌ «የለም» አልኩት። አልዋሸንም። ይህን አስምሩበት፣ አንዳችንም አልዋሸንም። ቤታችን ውስጥ መርዝ የሚባል ነገር አልነበረም።

«ነጭ ሽንኩርት ሰጥታችኋታል መሰለኝ» አለ ግሉኮሱን እየሰካ። «አዎ» አልነው ሁለታችን በአንድ አፍ። ከዚያ ተያየን።

«አንቺ ነሽ የሰጠሻት አይደል?» አለችኝ ዘይነባ በኦሮምኛ።

«እኔ? አንቺ ነሽ እንጂ!»

ሐኪሙ ምን እንደምንባባል አልገባውም። እኔም ለመተርጎም ጊዜ አላገኘሁም፣ ነርሷ የሙኒራን እርጥብ ቀሚስ ልታወልቅ አንስታት ነበር። ከኪሷ የአሻንጉሊት እጅ ብቅ አለ። አሻንጉሊቷ ስትወድቅ ከሥሯ አንዲት አረንጓዴ አበባማ ከረጢት ወለሉ ላይ ጠብ አለች፤ ግራጫ አቧራ ብን አለባት። ያው የነጭ ሽንኩርት ሽታ ክፍሉን ሞላው።

ስፌቴን አወቅኩት። የራሴ ዝምዝማት ነው፣ ጠርዙ ላይ የጨመርኳት።

«ምንድን ነው ይሄ?» ሐኪሙ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ነርሷን በእጁ ገፋት።

«መድኃኒት ነው» አልኩት።

«መድኃኒት የለም አላላችሁም?»

«የሰው አይደለማ! የበቆሎ ነው። የነቀዝ።»

የወጣቱ ፊት ላይ ደም አልቀረም። ከረጢቷን በላስቲክ ጠቅልለው እንዲያወጡ፣ መስኮቱን ሁሉ እንዲከፍቱ ጮኸ። እንደዚያ የሚጮኽ አይመስልም ነበር። «የተነሳው ጋዝ ነው፣ እየተነፈሰችው ነው ያደረችው» አለኝ። «ስንት ነው ቤት ውስጥ ያለው? የት ነው ያለው? አሁን እዚያ ቤት ሰው አለ?»

አሁን እዚያ ቤት ሰው አለ ወይ አለኝ እኮ። ለሕፃኗ ትራስ ሰጥቻታለሁ። እማዬ፣ እኔንም ራሴን ያመኛል። በሩን ይዝጉልኝ አኮ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ ገጠሙ።

«ልጄ!» አልኩ። «ልጄን እዚያ አስተኝቻት ነው የመጣሁት!»

ስልኬን አወጣሁ። ማን ጋ ልደውል? አኮ ስልክ የላቸው፤ ቢኖራቸውም አይሰሙ። ክር የሚሸጥልኝ ጀማል ከግቢያችን ትይዩ ሱቅ አለው። ደወልኩ፣ አይሠራም። በረንዳ ወጥቼ ደወልኩ፣ ያቺ የኔትወርክ ሴትዮ ይቅርታ ትለኛለች። ይቅርታሽን ብዬ ዝናቡ ውስጥ ቆምኩና ደግሜ ደወልኩ።

«አስቱ! አለሁ፣ ነጩ ክር መጥቶልሻል...»

«ጀማል፣ ሩጥ! ዘይነባ ቤት ሩጥ! ምሕረትንና አኮን አውጣልኝ!»

«ምን ሆነ? እሳት ነው?»

«ዝም ብለህ ሩጥ በአላህ!»

ስልኩን ሳይዘጋው ሮጠ። ጫማው ጭቃውን ሲመታው፣ ዝናቡ፣ ትንፋሹ ይሰማኛል። ሐኪሙ ተከትሎኝ ወጥቶ አጠገቤ ቆሟል። በር ሲደበደብ ሰማሁ። «አኮ! አኮ!» ይላል ጀማል። መልስ የለም። የዙህር፣ የቀትሩ ሰላት ሰዓት ነበር፤ እሳቸው ሰላት ላይ ከሆኑ ቤቱ ቢፈርስ አያቋርጡም፣ ባይሆኑም አይሰሙም። ወይም ደግሞ... ወይም የሚለውን አላስጨረስኩትም ራሴን።

«ስበረው!» አልኩት። «በሩን ስበረው፣ እኔ አሠራዋለሁ!»

ተሰበረ። ከዚያ ሳል ሰማሁ፣ የጀማል ሳል። «ያ ረቢ፣ ምንድን ነው የሚሸተው፣ ነጭ ሽንኩርት የደፉ ይመስላል...» ሐኪሙ ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ።

«ሐኪም ነኝ። ትንፋሽህን ያዝና ሰዎቹን አውጣ። ሌላ ምንም አትንካ። ሰዎቹን ብቻ።»

ዝናቡ ብቻ ይሰማል። ለካ ጀማል አኮን በብብታቸው ይዞ አውጥቷቸው ተመልሶ ገብቷል። ተመልሶ ወጥቶ ሲያለከልክ ሰማነው።

«ይዣታለሁ። ልጅቷን ይዣታለሁ። አንገቷ ሥር የሆነች ከረጢት ነበረች፣ ጥያታለሁ። ቤቱ ውስጥ ጭስ የመሰለ ነገር አለ፣ ውሃ ልድፋበት እንዴ? ባልዲ ሞልቶ አለ...»

«ውሃ እንዳይነካው!» ሐኪሙ በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮኸ። «ውሃ ካገኘው ይብስበታል! ተወው፣ ራቁ፣ ማንም እንዳይገባ!»

ጀማል እንደነገረኝ ባልዲውን አንስቶ ነበር። እኔም ብሆን አነሳ ነበር፣ እናንተም ታነሱ ነበር። የሚጨስ ነገር ላይ ውሃ መድፋት ማን አስተማረን? ማንም፣ ከእናታችን ጋር አብሮን ያደገ ነው።

«ልጄ ትተነፍሳለች?» አልኩ። ሐኪሙ ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋልኝ። ከዝናቡ ሥር ቀጭን ለቅሶ ሰማሁ። «እማዬ» አለች። ያን ጊዜ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ ኩሬው ውስጥ።

ጀማል ሁለቱንም ይዞ መኪና እስኪያገኝና እስኪመጣ መጠበቅ ነበረብኝ። ወደ ሰርቦ ልብረር አልኩ፤ ሐኪሙ «መንገድ ላይ ትተላለፋላችሁ፣ እዚህ ትፈለጊያለሽ» አለኝ። የተፈለግሁት ለምን እንደሆነ ስገባ ገባኝ። ዘይነባ የልጇን እግር በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች፣ ማንም ምንም አልነገራትም። የሚነግራት ቋንቋ ያለኝ እኔ ነኝ።

«ልቧን ነው ያገኘው» አለኝ ሐኪሙ ቀስ ብሎ። «የምንችለውን ሁሉ እየሰጠናት ነው፣ ልቧን ለመደገፍ። ግን ማርከሻ፣ እንዲህ ብለን የምንሰጠው መድኃኒት፣ ለዚህ የለውም። ንገሪያት።»

እንዴት አድርጌ ልንገራት? በኦሮምኛም በአማርኛም ያለችኝ ቃል ያቺው አንዷ ናት። «ዘይነባ» አልኳት፣ «ያቺ ቆሪቻ ናት የጎዳቻት። ለአሻንጉሊቷ ትራስ አድርጋ አብራት ተኝታ ነው። ለእሷ ደግሞ ቆሪቻ የላትም ይላል።»

ዘይነባ አየችኝ። እንደ ሞኝ ነው ያየችኝ፣ ተረት የምነግራት ይመስል።

«ቆሪቺ ቆሪቻ ሂን ቀቡ?» አለች። መድኃኒት፣ መድኃኒት የለውም?

ለሐኪሙ ተረጎምኩለት። አንገቱን ደፋ።

ሙኒራ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሲያባራ ሞተች። ዘይነባ አልጮኸችም። «ኢና ሊላሂ» ብላ ጀመረችና ከንፈሯ አልጨርስ አላት። እኔ ነኝ የጮህኩት። ከዚያ ጩኸት መሃል ነው በሩ ተከፍቶ ጀማል ምሕረትን በጋቢ ጠቅልሎ የገባው። ልጄ ዓይኗን ገልጣ ነበር። የገዛ ልጄ በሕይወት መጥታልኝ ደስ ሊለኝ አልቻለም፣ ዘይነባ እያየችኝ ነበራ። እሷ ግን ተነሥታ መጣችና ምሕረትን ከጀማል እጅ ተቀብላ ደረቷ ላይ አጣበቀቻት። ነርሶቹ ሊያክሟት እስኪወስዷት ድረስ አልለቀቀቻትም።

አኮ ቶሎ ተሻላቸው። ምሕረት ብዙ ቀን ተኝታ ዳነች፤ ልብ አድርጉ፣ እሷ ጠዋት ብቻ ነው እዚያ የተኛችው። ሙኒራ ባትታመም፣ ሙኒራ ቀድማ ባትሄድ፣ ከረጢቷን በኪሷ ይዛ ባትመጣ፣ የልጄን አንገት ሥር ማን ያይልኝ ነበር? ሳይደግስ አይጣላም ይላሉ ሰዎች ሊያጽናኑኝ። እንዲህ ያለውን ድግስ አልፈልግም እላቸዋለሁ። የሙኒራ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ማን አፉን ሞልቶ ይህን ይላል?

ያ ወጣት ሐኪም አንድ እሑድ ለቅሶ ሊደርስ ሰርቦ ድረስ መጣ። ሻይ አልጠጣም፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። «እኛም ቤት እኮ የነቀዝ ክኒን ነው የሚባለው» አለኝ በመጨረሻ። «እናቴም መድኃኒት ነው የምትለው። እያወቅኩ፣ መርዝ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኋችሁ። መርዝ ብሎ የሚጠራው ሰው እንደሌለ ረሳሁት።» ከዚያ ይሄ ነገር እንዳለ መቅረት እንደሌለበት ነገረን። ሰው ሁሉ፣ ገበሬም ቢሆን፣ ያልተማረም ቢሆን፣ ከሳይንስ ውጤት የመጠቀም ሰብዓዊ መብት አለው አለ፤ በዓለም ደረጃ የተጻፈ ነው አለ። ከልቡ ነበር የሚናገረው።

«ማል ጄዼ?» አለችኝ ዘይነባ። ምን አለ?

«ሳይንስ ቤታችሁ ሊገባ መብታችሁ ነው አለ።»

«ገብቶ ነበር እኮ» አለች። «ቤቴ ገብቶ ነበር።»

ይህን አልተረጎምኩለትም። አልቻልኩም።

እናንተ የምታነቡ፣ ስሙኝ። ስለ መብት እኔ ብዙ አላውቅም፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። ግን ያን ቀን የገባኝን ልንገራችሁ። ክኒኑን የሠራው ሰው ጠቢብ ነው፣ ነቀዙን ገድሎልናል። ሰው በሚተኛበት ቤት እንዳይገባ፣ ውሃ እንዳይነካው፣ ያለ ሠለጠነ ሰው እንዳይነካ የሚያውቀውም እሱው ነው፤ ጽፎታልም፣ ሐኪሙ በኋላ አሳይቶኛል። የተጻፈው ግን ዘይነባ በማትችለው፣ እኔም በማልችለው፣ ሻጩም በማይችለው ቋንቋ ነው፣ ያውም ገበያ በማይደርስ ዕቃ ላይ። ክኒኑ ባሕር ተሻግሮ፣ ከተማ አቋርጦ ሰርቦ ገበያ ደረሰ። ዕውቀቱ መንገድ ላይ ወረደ። ግማሽ ሳይንስ ከሚደርሰኝስ ነቀዙ በቆሎዬን ይብላው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እኛም ሲቀርብን ምን እንደቀረብን አላወቅንም።

እና ንዴት ያዘኝ። እስካሁንም አልለቀቀኝም። እህል የሚያስቀምጡ ሴቶች ልብስ ሊያሰፉ ሲመጡ ቁመታቸውን ሳልለካ በፊት «ለነቀዝ ምን ታደርጊያለሽ?» እላለሁ። አንዳንዷ ትሳደባለች፣ «ቀሚስ ልታሰፋ የመጣችን ሴት ስለ በቆሎ!» ትላለች። ትሳደብ። ሰምታ ትሂድልኝ እንጂ።

ዘይነባ ግን ከእኔ ከአፈኛዋ በላይ ሆነች። አርባው ካለፈ በኋላ በመጀመሪያው የገበያ ቀን ተነሥታ ሄደች። እኔም ልትጣላ ነው ብዬ ተከተልኳት፤ ድንጋይ ብታነሳ ልይዝላት፣ ካልሆነም ላቀብላት። ድንጋይ አላነሳችም። ከሻጩ ላስቲክ አጠገብ ቆመች። እሱ «ቆሪቻ ቦቆሎ!» ብሎ ሲጮኽ እሷ በዚያ በቀዘቀዘ ድምፅዋ «ሱሚ ጄዺ» አለችው። መርዝ በል። ዞሮ ተቆጣት፣ ገበያዬን ልትዘጊ ነው አላት። «ሽጥ» አለችው። «አልከለከልኩህም። ስሙን ጥራው ብቻ።» በሚቀጥለው ገበያም ቆመች። በሚቀጥለውም። ክረምት ወጥቶ በጋ ገባ፣ ዓመታትም አለፉ፣ እሷ እዚያው ናት። ሰውየው መጀመሪያ ሰደባት፣ ከዚያ ቦታ ቀየረ፣ ተከተለችው፣ ከዚያ ዝም አላት።

ባለፈው ገበያ ምሕረትን ይዤ በዚያ ሳልፍ አንዲት አዲስ ሙሽራ የምትመስል ልጅ መጥታ «ቆሪቻ ቦቆሎ አለህ?» ስትለው ሰማሁ። ሻጩ ዘይነባን አያት፣ ላስቲኩን አየ። «ሱሚ ነው» አላት። «መርዝ ነው ያለኝ።»

ልጅቷ እጇን ሰበሰበች። «መርዝ ከሆነ የት ነው የማስቀምጠው ታዲያ?» ብላ ጠየቀች። እስከ ዛሬ ያን ሰው ይህን የጠየቀው አልነበረም።

ዘይነባ ዞር ስትል ምሕረትን አየቻት። እጇን ዘርግታ ልጄን ከጎኔ ሳበቻትና ትከሻዋን ይዛ ልጅቷ ፊት አቆመቻት። ምሕረት አሁን ሙኒራን በዕድሜ በልጣታለች።

«መነ ኢሼን ረፍቱ ሂን ገልቺን» አለቻት። እሷ የምትተኛበት ቤት አታስገቢው።